ወዶና ፈቅዶ የተቀመጠ

ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ባለ ሁለት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ አለ። በሕንፃው በረንዳ ላይ ስድስት አቤቱታ ጸሐፊዎች ጠረጴዛ ደርድረው ይውላሉ። የስድስቱ አንጋፋ ጋሽ አንቀጽ ነው። እናቱ ማን ብላ እንደጠራችው በረንዳው ላይ የሚያውቅ የለም፤ ለማወቅ የቸገረውም የለም። እንደምን አደርክ ሲሉት "ደህና ነኝ፤ ምክንያቱም እንደሚከተለው ቀርቧል" ብሎ ይመልሳል እየተባለ ይቀለድበታል። እሱም ቀልዱን አይጠላውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው በደል በወረቀት ሲያሰፍር የኖረ ሰው በራሱ መሳቅ ካቃተው ምኑን ኖረው?

የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ነገር ግን ጉዳት የደረሰበት ሰው መጥቶ ፊቱ ሲቀመጥ፣ ልቅሶውንም እርግማኑንም እስኪጨርስ በትዕግሥት ይጠብቅና ቀኝ እጁን ዘርግቶ አራት ጣቶቹን ያሳየዋል። አራት በር አለ ይለዋል። ሌባ ጣቱን ይዞ፣ ያ ሰው ላንተ መጠንቀቅ ነበረበት ወይ? የመሃል ጣቱን ይዞ፣ ሳይጠነቀቅ ቀረ ወይ? የቀለበት ጣቱን ይዞ፣ ጉዳት ደረሰብህ ወይ? ትንሿን ጣቱን ይዞ፣ ጉዳቱ የደረሰብህ እሱ ባለመጠንቀቁ ነው ወይስ በሌላ? አንዱ በር ከተዘጋብህ ዳኛው ዘንድ ሳትደርስ ቀረህ ማለት ነው። ባለጉዳዩ አራቱንም በር አለፍኩ ብሎ ፊቱ ፈካ ሲል፣ ጋሽ አንቀጽ አውራ ጣቱን ብድግ ያደርጋል። ይቺ ደግሞ የተከሳሹ ናት ይላል። ነፋስ ነው ይልሃል፤ ሌላ ሰው ነው ይልሃል፤ የራሱ ጥፋት አለበት ይልሃል። ይሄ ሁሉ መልስ አለው። ክፉዋ ግን የመጨረሻዋ ናት፤ "አደጋውን እያወቀ፣ ወዶና ፈቅዶ ነው የገባው" የምትለዋ። እሷን ካስመሰከረብህ አራቱም በር ቢከፈት ዋጋ የለውም።

ይህን ትምህርት ስንት ባለጉዳይ እንደሰማው ቁጥሩ አይታወቅም። አጥንቱ ድረስ የተማረው ሰው ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ከጎኑ የምትቀመጠው፣ ቸኮለች የምትባለው ሴት። ስሙን ያወጣላት ራሱ ነው። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ ከአንድ የመንግሥት ቢሮ ከሥራ ተቀንሳ አንድ ታይፕ ታቅፋ በረንዳው ላይ ስትመጣ፣ ጣቶቿ ከአፉ ቀድመው ይጽፉ ነበር። እሱ "ከሳሽ" ሳይል እሷ "ተከሳሽ" ላይ ትደርሳለች። ሌሎቹ አምስተኛ ጠረጴዛ እንኳ በዛ ብለው ሲያጉረመርሙ፣ ጋሽ አንቀጽ የራሱን ጠረጴዛ በክንድ ያህል ገፋ አድርጎ ቦታ ሰጣት።

ሙያውን ሲያስተምራት ሁለት ነገር አጥብቆ ነገራት። አንደኛው፣ ለአንድ ወገን የጻፈ ለሌላው ወገን አይጽፍም። ሁለተኛው፣ ተጽፎ ያለቀው ነገር ባለጉዳዩ ከመፈረሙ በፊት ከላይ እስከ ታች ጮክ ተብሎ ይነበብለታል፤ ማንበብ የሚችል ቢሆንም ይነበብለታል። ሰው በጆሮው ያልሰማውን ነገር መፈረም የለበትም ይል ነበር። ቸኮለች ሁለቱንም እንደ ጸሎት ያዘች። ጋሼ ትለዋለች፤ እሱም እህት ዓለም ይላታል። ሚስቱ የሞተች ዕለት የሐዘን ደብዳቤውን የጻፈች፣ ልጁን የዳረ ዕለት እንግዳ የተቀበለች እሷ ናት።

የበረንዳው ማዕዘን የቸኮለች ነበር። ከፍርድ ቤቱ በር የሚወጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ብርሃኑም ጥሩ ነው። ከማዕዘኑ በላይ፣ ከግድግዳው ወጣ ብሎ የተሠራ የቆርቆሮ ክዳን አለ፤ ክዳኑን የተሸከመው አንድ አግዳሚ እንጨት ነው።

ዝናቡ በጀመረ ሰሞን ጋሽ አንቀጽ የወደቀ እርሳስ ሊያነሣ ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል አግዳሚው ላይ ዓይኑ አረፈ። ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንጨቱ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ እጅ ይገባል። ከሥሩ ቸኮለች የሰው አቤቱታ ትተይባለች። ከስምንት ዓመት ተስፋ በኋላ አርግዛ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሁለት ጊዜ ጨንግፋ ስለነበር ሐኪሞቹ እንዳትደነግጥ፣ እንዳትነካ፣ እንዳትናደድ ብለዋታል።

ጋሽ አንቀጽ በቀጥታ ለባለሕንፃዋ ሴትዮ ሕንፃውን ወደሚጠብቅላት ተቆጣጣሪ ሄደ። ተቆጣጣሪው ሻዩን እየጠጣ በሳምንት ውስጥ ይጠገናል አለው። በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ሄደ፤ ያው ሳምንት። በሦስተኛው ቀን ሄደ፤ ያው ሳምንት፣ ያው ሻይ። ታዲያ ምን ያድርግ? ቢነግራት ትደነግጣለች። ተነሺ ብሎ ማዕዘኑን ባዶ ቢያስተዋት፣ ባለጉዳዮቿ እዚያ ነው የሚፈልጓትና በማግስቱ ተመልሳ ትቀመጥበታለች። ሌሎቹም ቢሆኑ ለዚያ ቦታ ሲቋምጡ የኖሩ ናቸው። አንድ ሳምንት ነው፣ እንጨቱ አንድ ሳምንት ይችላል ብሎ ራሱን አጽናንቶ ወደ እሷ መጣ።

መነጽሩ ደክሞ ፊደል እንደሚደራረብበት፣ ብርሃን ወዳለበት ቢጠጋ እንደሚሻለው ነገራትና ወንበር እንቀያየር አላት። ቸኮለች ማዕዘኑን አየች፤ እሱን አየች። ከዚያ እሺ ጋሼ ብላ ወረቀቶቿን ሰበሰበች። ታይፗን ተሸክሞ ያዛወረላት እሱ ነው። በቀጣዮቹ ቀናት ወሬዋ ቀነሰ። እርግዝናው ነው ብሎ አለፈው።

ሳምንቱ አልፎ ሌላ ሳምንት ገባ። አንድ ቀን ሌሎቹ አራቱ ምሳ ሄደው ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ፣ ከላይ ትንሽ የእንጨት ስባሪ መጥታ ጋሽ አንቀጽ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ጠብ አለች። በጣቱ አወጣት።

"ይሄ ክዳን አንድ ቀን የኔን ክስ ራሱ ይጽፍልኛል" አለ።

ቸኮለች ቀና ብላ አየችና ስንጥቁ ታያት። እያወቅህ ነው እንዴ የምትቀመጥበት፣ ተነሣ እንጂ አለችው። እሱም ነገሩን በሳቅ ሊያልፈው ፈልጎ "ይሄን ብርሃን ትቼ? አላበድኩም" አላት። እሷ አልሳቀችም። ሳህኗን ከድና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ክዳኑ የወደቀው ከዚያ በኋላ በስድስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ ትንሽ ነፋስ ሲነሣ ነው። ሕንፃ የሚያፈርስ ነፋስ አልነበረም፤ የወረቀት ጥግ የሚገልጥ ነፋስ ነበር። አግዳሚው ወርዶ የጋሽ አንቀጽን ታይፕ መታ፤ ታይፑ ላይ ደግሞ ቀኝ እጁ ነበረ። ሐኪሞቹ እጁን አልቆረጡትም፤ ግን አራቱ ጣቶች ቀጥ ብለው ቀሩ። አውራ ጣቱ ጥቂት ይንቀሳቀሳል። አራቱን በር የሚቆጥርባቸው ጣቶች መሆናቸውን አስቦ አንድ ቀን አልጋው ላይ ሳቀ፤ ከዚያ አለቀሰ።

ሠላሳ ዓመት ያደረው በእነዚያ ጣቶች ነው። ቁጠባ የለው፣ ጡረታ የለው። ሕንፃው ካልካሰው በቀር የሚጠብቀው የልጁ ቤት ሳሎን ሶፋ ነው፤ አማቹም ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ጋሽ አንቀጽ ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ለአክብሮት ቴሌቪዥኑን ያጠፋል፤ እሱ ደግሞ የሰው ቴሌቪዥን እያስጠፋ መኖር አይፈልግም። ስለዚህ ከሰሰ።

ክሱን የጻፈችለት ቸኮለች ናት። ወልዳ የአራስነት ወጉን በቅጡ ሳትጨርስ መጥታ፣ ሕፃኑን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ፣ እንባዋን በትከሻዋ እየጠረገች ጻፈችለት። አራቱም በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሕንፃውን የመጠገን ግዴታ የባለሕንፃዋ ነው፤ ሦስት ጊዜ ተነግሯቸው አልጠገኑም፤ እጁ ይኸው፤ የሰበረው አግዳሚውም ይኸው። ወንበር ስለመቀያየራቸው ግን አላነሣም። ለክሱ አያስፈልግም ነበር፤ ደግሞስ አራስ ሴትን አንቺ ልትሞቺ ነበር ብሎ ምን ሊያተርፍ? ጻፈች፣ ጮክ ብላ አነበበችለት፣ ፈረመ። ግንባሩን ስማ ሸኘችው።

ከወር በኋላ የቸኮለች ጠረጴዛ ከበረንዳው ጠፋ። ከሕንፃው ሥር የመስታወት በር ያላት አንዲት ክፍል ተሰጥቷታል። ክፍሏን ባለሕንፃዋ ለሕፃኑ አዝና ለጊዜው እንደፈቀደችላት ነገረችው። ጋሽ አንቀጽ ደስ አለው። አቧራና ፀሐይ ለአራስ አይሆንም፤ ባለሕንፃዋም ሰው መሆን ጀመረች ብሎ ቀለደ። እሱ ከዚያ ወዲህ በረንዳው ላይ የሚመጣው ለመቀመጥ ብቻ ነው፤ ጣት የሌለው ጸሐፊ ለሰው ምክር እንጂ አቤቱታ አይሰጥም።

የተከሳሽ መልስ የደረሰው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ተቀብሎ፣ በግራ እጁ እየገለጠ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አነበበው። ባለሕንፃዋ ጠበቃ ከምታናግር ጥርሷን ብታስነቅል የምትመርጥ ሴት መሆኗን ያውቃል፤ ስለዚህ ተቆጣጣሪው የሞነጫጨረውን የማይረባ ነገር ነበር የጠበቀው። ገና በመጀመሪያው መስመር ግን ንባቡን አቁሞ እንደገና ከላይ ጀመረ።

"ተከሳሽ ለከሳሽ የመጠንቀቅ ግዴታ የለብኝም፤ ቢኖርብኝም አልጣስኩም፤ ጣስሽ ብባል እንኳ ክዳኑን የጣለው ነፋስ ነው።" እስከዚህ ድረስ የራሱን ድምፅ የሚሰማ መሰለው። በር በበር፣ ደረጃ በደረጃ፣ እንዲህ አድርጎ መልስ የሚደረድር ጸሐፊ በከተማው ውስጥ ከእሱ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሊሆን አይችልም አለ። ቀጠለ። "ነፋሱ አይደለም ቢባል እንኳ፣ ከሳሽ የክዳኑን መሰንጠቅ አስቀድሞ እያወቀ፣ 'ይሄ ክዳን አንድ ቀን የኔን ክስ ራሱ ይጽፍልኛል' ብሎ እየቀለደ፣ ተነሣ ሲባልም እምቢ ብሎ፣ የተሻለ ብርሃንና ባለጉዳይ ፍለጋ ወዶና ፈቅዶ የተቀመጠ ስለሆነ፣ ካሳ ሊጠይቅ አይገባውም።"

ሦስት ጊዜ አነበበው። ያን ቀልድ ሲናገር በረንዳው ላይ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረም። የሻይ ብርጭቆ ደግሞ አትመሰክርም።

ከእጁ ይልቅ ይሄ አመመው። እጁን የሰበረው እንጨት ነው፤ እንጨት አያውቀውም። እሷ ግን አሥራ አራት ዓመት ታውቀዋለች። ያስተማራትን መሣሪያ አንሥታ፣ የቀለደላትን ቀልድ ቆርሳ፣ በእሱ በራሱ ላይ ጻፈችው። ክሱን እያለቀሰች የጻፈች ሴት መልሱንም ጽፋለች! ለአንድ ወገን የጻፈ ለሌላው አይጽፍም ብሎ ያስተማራት ቀን ፊቷ እንዴት ተመስጦ እንደነበር ትዝ አለው። ደግሞ "ባለጉዳይ ፍለጋ" የምትለዋ ቃል ከየት መጣች? ባለጉዳይ ሊቀማት የተቀመጠ መስሏት ነበር ማለት ነው? ያ ሁሉ ዝምታ እርግዝና አልነበረም ማለት ነው? ደረጃው ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሁሉ እያለፈው፣ ተከዳሁ አለ ለራሱ፤ ቃሉን ከዚያ በፊት ለሰው እንጂ ለራሱ ጽፎት አያውቅም ነበር።

ተነሥቶ የመስታወቱን በር ገፋ። ቸኮለች ሥራ ላይ ነበረች፤ ሕፃኑ ከጠረጴዛው አጠገብ በካርቶን ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። ጋሼ ብላ ብድግ አለች። ወንበር ሳበችለት። እሱ እንደማንኛውም ባለጉዳይ ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አስተካከለ።

"የተከሳሽ መልስ ደርሶኛል" አለ። "ክሴን የጻፉልኝ እርስዎ ስለሆኑ የመልስ መልሱንም እርስዎ ይጻፉልኝ።"

እርስዎ ብሏት አያውቅም። ቸኮለች ወረቀቱን አየችው፤ አላነሣችውም። ምን እንደተጻፈበት ማንበብ አላስፈለጋትም። ሌላ ሰው ቢጽፍልህ አይሻልም ብላ አጉረመረመች። ሌላ ሰው ጉዳዩን አያውቀውም አላት። ወረቀት አስገባች። እሱም ዓይኑን ግድግዳው ላይ አድርጎ፣ ለሠላሳ ዓመት ሲያደርግ እንደኖረው፣ ረጋ ብሎ ነጥብ በነጥብ ይነግራት ጀመር።

ስለ ነፋሱ ሁለት መስመር አስጻፋት። ስለ ተቆጣጣሪው ሦስት መስመር። ታይፑ ይንጣጣል፤ ጣቶቿ እንደ ድሮው ቀድመውታል። ከዚያ ወደ መጨረሻው ነጥብ መጣ።

"ከሳሽ በዚያ ወንበር የተቀመጥኩት ወድጄና ፈቅጄ አይደለም። ወንበሩ የጎረቤቴ ነበር። ጎረቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።"

ታይፑ ቆመ።

"ይጻፉ" አለ።

ጻፈች። እሱም ቀጠለ። አግዳሚው መሰንጠቁን ያየው እሷ ከሥሩ ተቀምጣ ሳለ እንደሆነ፤ ሦስት ጊዜ ለተቆጣጣሪው ማመልከቱን፤ እንዳትደነግጥ ብሎ ሳይነግራት መቅረቱን፤ ማዕዘኑን ባዶ ቢተወው ተመልሳ ስለምትቀመጥበት የመነጽር ሰበብ ፈጥሮ ወንበር መቀየሩን፤ በኋላም ተነሣ ስትለው በቀልድ ያለፈው እሱ ቢነሣ እሷ እንዳትተካ መሆኑን። ሌላውን ሰው ከአደጋ ለማዳን ብሎ አደጋ ውስጥ የገባ ሰው አደጋውን ወዶ እንደተቀበለ እንደማይቆጠር፣ የተከሳሽም መከላከያ በዚህ ምክንያት ውድቅ ሊሆን እንደሚገባ።

"አበቃሁ" አለ። "አሁን ያንብቡልኝ።"

"ጋሼ፣ እባክህ።"

"ሰው በጆሮው ያልሰማውን አይፈርምም።"

ወረቀቱን አውጥታ ያዘች። ነፋሱን አነበበች፤ ተቆጣጣሪውን አነበበች። "ጎረቤቴ" የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ፤ ጠበቃት። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ተቆረጠ፤ አሁንም ጠበቃት። ሲጨንቃት ሣጥኑ ውስጥ ወደተኛው ሕፃን አየች፤ እሱ ግን ወደዚያ አላየም። እስከ መጨረሻው ነጥብ ድረስ፣ አንድ ቃል ሳትዘል፣ ጮክ ብላ አነበበችው።

"ቦታዬን የወሰድክብኝ መስሎኝ ነበር" አለች ወረቀቱን አስቀምጣ። "ልወልድ ስል፣ ልትደግፈኝ ሲገባህ፣ ገበያዬን የቀማኸኝ መስሎኝ ነበር። አንጀቴ ቆስሎ ነበር። ከዚያ ሴትዮዋ ክፍል እሰጥሻለሁ አለችኝ፤ ሕፃኑ ደግሞ በአቧራው ይስል ነበር። ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ትደነግጪ ነበር" አለ።

ቃሉ ካፉ አምልጦ ነው። በራሱ ተናደደ። አሥራ አራት ዓመት የለመደ ምላስ በአንድ ጠዋት አይታረምም። እሷም አንቺ ማለቱን ሰምታ ፊቷ በተስፋ ቀና ሲል አየና ወዲያው ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ።

"የምስክር ዝርዝር ይቀራል" አለ። "አንድ ምስክር ብቻ ነው ያለኝ። ስሟንና አድራሻዋን ያውቁታል።"

ቸኮለች ሁለት እጆቿን ከታይፑ ላይ አነሣች። ክፍሉን ይወስዱብኛል አለች ቀስ ብላ። አውቃለሁ አላት። ከውጭ የባለጉዳይ ጫጫታ ይሰማል፤ አንድ ሰው የፎቶ ኮፒ ቤቱን ይጠይቃል። ከዚያ ቸኮለች ወረቀቱን መልሳ አስገባችና፣ በረንዳው ላይ የሚጠሯትን ሳይሆን መታወቂያዋ ላይ ያለውን ስም ከነአባቷ ከነአያቷ ጻፈች። ሥራ የሚለው ቦታ ላይ አቤቱታ ጸሐፊ አለች። አድራሻ የሚለው ቦታ ላይ ጥቂት አመንትታ፣ በረንዳው ብላ ጻፈች።

ቀኝ እጁ ብዕር አይጨብጥም። የቀለሙን ሣጥን ከፍታ የግራ እጁን አውራ ጣት ያዘች፤ ያስተማራት እሱ ነው፣ ጣቱን ከጫፍ ይዞ ከግራ ወደ ቀኝ ማንከባለል፣ ሳይጫኑ። አተመችው። እንደ ልማዷ ቀለሙን ልትጠርግለት ጥጥ ስታነሣ እጁን ሳበና በሱሪው ጠረገው። ለባለጉዳይ የሚደረገውን ሁሉ አድርጋለች፤ ከዚያ የተረፈውን አልፈለገም።

በሩ ላይ ሲደርስ ከኋላው ተነሣች።

"ጋሼ፣ የቀጠሮው ቀን እመጣለሁ። እመሰክራለሁ።"

ኮፍያውን በግራ እጁ ራሱ ላይ አስተካከለ።

"መጡም ቀሩም፣ መጥሪያው ይደርስዎታል" አላት። ወረቀቱን በብብቱ ይዞ ወደ መዝገብ ቤቱ መስኮት ተሻገረ።